ሁለት አኃዞች፣ ሁለት ናሙናዎች፦ ስለ ኤች አይ ቪ ስርጭት ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ አዋቂ ሕዝብ ምን ያህሉ ኤች አይ ቪ በደሙ እንዳለበት ሁለት አኃዞች ቀርበዋል። በእርግዝና ክትትል ጣቢያዎች ላይ የተመሠረተው ግምት 3.5 ከመቶ፣ ቤት ለቤት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ 1.4 ከመቶ ብለዋል። ልዩነቱን የወረርሽኙ መቀነስ ወይም የቁጥር ቅሸባ አድርጎ ለመተርጎም የሚቸኩል አይጠፋም። እኛ ግን ምክንያቱን በናሙናው አመራረጥ ውስጥ እናገኘዋለን።

የጣቢያው ናሙና አንድ ትልቅ በጎነት አለው። የሚመረመረው ለቂጥኝ ምርመራ ከተቀዳው የተረፈው ደም ነው፤ ስምም ስለማይያዝበት እምቢ ባይ የለበትም። ሆኖም በዚያን ጊዜ ከሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙት እናቶች 28 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ወንዶች ከነጭራሹ አይገቡበትም። የቤት ለቤቱ ጥናት እንዳሳየው ስርጭቱ በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7 ከመቶ ነበርና፣ ለከተማና ለመንገድ የቀረበ ጣቢያ አገሪቱን አግንኖ ማሳየቱ አያስደንቅም።

የቤት ለቤቱ ናሙና ከ1994ቱ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ በዕጣ የወጣ ነውና ለመላ አገሪቱ እርሱን እንመርጣለን። ነገር ግን በጭፍን አይደለም። በሶማሌ ክልል ከዘጠኙ ዞኖች የተካተቱት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። በጦር ሠፈር፣ በወህኒ ቤትና በጎዳና ያለው ሰው በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ በሽታው ይበልጥ ሊያጠቃቸው ከሚችሉት መካከልም ጥቂት የማይባሉት እነዚሁ ናቸው። ደማቸው የተመረመረላቸው ከሚገባቸው ሴቶች 83፣ ከወንዶች 76 ከመቶ ነበሩ። የቀረውን በዕድሜ፣ በትምህርትና በመኖሪያ ማስተካከል ይቻላል። ውጤቱን አስቀድሞ በማወቁ እምቢ ያለውን ሰው ግን እነዚህ መለኪያዎች አይደርሱበትም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የሁለቱን ጥናቶች መረጃ ያዋሐደ አንድ ግምት፣ 2.1 ከመቶ፣ ወጣ። ለዕቅድ አንድ ቁጥር ማስፈለጉን አንክድም፤ የመድኃኒቱ ነጻ ዕደላ በ2005 ተጀምሮ ነበርና ለስንት ሕሙማን እንደሚገዛ የሚወሰነው በዚህ ስሌት ነበር። ቅሬታችን ሌላ ነው። የጣቢያው መረጃ የሚጠቅመው በአንድ ቦታ ከዓመት ዓመት የሚታየውን ለውጥ ለመከታተል፣ የቤት ለቤቱ ደግሞ መጠኑን ለመለካት ነው፤ ሁለቱ በአንድ አኃዝ ሲቀልጡ አንባቢው የትኛው ጉድለት ከየት እንደ መጣ ሊለይ አይችልም።

በውጭ አገር ባለው ማኅበረሰባችን ላይ የሚሠሩ የጤና ጥናቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ጠያቂው በቤተ ክርስቲያን ደጅና በምግብ ቤት ያገኘውን፣ ያም የጠቆመውን ወዳጁን ይመዘግባል፤ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራውና የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ይቀራል። እንዲህ ያለ ጥናት ሊመረጡ ያልቻሉትን ዘርዝሮ እስካላቀረበ ድረስ በመቶኛ የሚናገረውን አንቀበለውም።