የቡልጋኮፍ ሁለት ሐኪሞችና የሥራ ዝለት

ሩሲያዊው ደራሲ ሚኻኢል ቡልጋኮፍ በሙያው ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 በኪየቭ የሕክምና ትምህርቱን እንዳጠናቀቀ በስሞሌንስክ ክፍለ ሀገር ወደምትገኝ ኒኮልስኮዬ ወደምትባል መንደር ተመደበ። በዚያ ገጠር ሳለም የሞርፊን ሱሰኛ ሆነ፤ በኋላ ግን ከሱሱ ተላቀቀ። ከዚህ ልምድ የተቀዱት አጫጭር ልቦለዶቹ ከ1925 እስከ 1927 ባሉት ዓመታት በአብዛኛው የወጡት በአንድ የሕክምና ሠራተኞች መጽሔት ላይ በመሆኑ፣ የመጀመሪያ አንባቢዎቻቸው የሙያ ባልደረቦቹ ነበሩ።

እነዚህን ልቦለዶች የአንድ ጀማሪ ሐኪም የጀግንነት ገድል አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። ይህ አነባበብ ግን የድርሰቶቹን ዋና ቁም ነገር ይሸፍናል።

በ1926 የወጣው «የበረዶ ውሽንፍር» ለዚህ ማስረጃ ነው። ደራሲው የሐኪሙን ድካም በቅጽል አያጋንንም፤ ይቆጥረዋል። በቀን 100 ተመላላሽ ሕሙማን ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ እንኳ 500 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ይፈጃል። ተኝተው የሚታከሙትና ቀዶ ሕክምናው ከዚህ ውጭ ናቸው። ሐኪሙ ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ ቤቱ ሲመለስ መብላትም፣ መጠጣትም፣ መተኛትም አያሰኘውም። በረዶው መንገድ ዘግቶ ሕሙማን የቀሩበት ዕለት ደስ ይለዋል። ይህ ደስታ የጭካኔ ምልክት ሳይሆን የመዛል ምልክት መሆኑን ደራሲው ያለ ስብከት ያሳያል።

በ1927 የታተመው «ሞርፊን» ጉዳዩን ይበልጥ ያጠልቀዋል። ቦምጋርድና ፖልያኮፍ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። ቦምጋርድ በየክፍሉ ባልደረቦች ወዳሉበት የከተማ ሆስፒታል ሲዛወር የኃላፊነቱ ሸክም ይቀልለታል፤ እንቅልፍም ያገኛል። ፖልያኮፍ ግን በገጠር ብቻውን ነው። ለሆድ ሕመም የተወጋው ሞርፊን ሐዘኑንም ያስረሳዋል፤ ቀጥሎም ያለ እርሱ መሥራት ያቅተዋል። አብራው የምትሠራው አና ችግሩን አይታ ትለምነዋለች፤ ነገር ግን የበታቹ በመሆኗ ልታዘው አትችልም። በመጨረሻ ራሱን በጥይት ይመታል፤ ማስታወሻውም በቦምጋርድ እጅ ይቀራል።

የልቦለዱ ድክመት የሱሱን መነሻ ከከሸፈ ፍቅር ጋር ማያያዙ ነው። ይህም አንባቢው «የግል ችግር ነበረበት» ብሎ እንዲያልፈው በር ይከፍታል። የድርሰቱ አወቃቀር ግን ይህን ፍርድ ይቃወማል፤ ሁለቱን ሐኪሞች የለያቸው የትምህርት ደረጃ ሳይሆን የሥራ ቦታቸው አደረጃጀት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ ዝለትን በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት መድቦታል። መንስኤው በአግባቡ ያልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ውጥረት ሲሆን፣ መገለጫዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በስሜት መራቅና የሙያ ብቃት መቀነስ ናቸው። ይህ አመዳደብ ዓይንን ከሐኪሙ ጠባይ ወደ ሥራው ሁኔታ የሚመልስ በመሆኑ ከቡልጋኮፍ ምስክርነት ጋር ይስማማል።

ስለዚህ በሩቅ የጤና ተቋም ብቻውን ተረኛ ለሚያድር ሐኪም የጽናት ምክር መስጠት ብቻ በቂ አይደለም። ቦምጋርድን የታደገው ምክር አልነበረም፤ ሸክሙን የሚጋሩት ባልደረቦች ማግኘቱ ነበር። «ሞርፊን» ሐኪሞችን ለሚመድቡና ተራ ለሚያወጡ ኃላፊዎችም መነበብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።