ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምርጫ አንድ ትችት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ስልክ ደወለና፣ «ልጄ ኮምፒዩተር ግዛልኝ እያለ መቀመጫ ነሣኝ። እሱ ጌም ሊጫወትበት፣ እኔ ደግሞ የቢሮ ሥራዬን ልሠራበትና አማርኛ ልጽፍበት ነው። ዊንዶውስ ይሻለናል፣ ማክ፣ ወይስ ያ ሊኑክስ የምትሉት?» ሲል ጠየቀኝ። በእኛ መካከል የዚህ ጥያቄ መልስ ከተዘጋጀ ቆይቷል፦ ለጌም ዊንዶውስ፣ ለሥራ ማክ፣ ትርፍ ጊዜ ለተረፈው ሰው ሊኑክስ። እኔም ይህን ምክር ለስንቱ እንደሰጠሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ዛሬ ልተቸው የተነሣሁት ይህንኑ ምክር፣ ማለትም የገዛ ራሴን ምክር ነው።

የምክሩ ስሕተት ሦስቱን ማወዳደሩ አይደለም። ስሕተቱ፣ ልጁ የሚጫወተው ጌምና አባት የሚጽፈው ጽሑፍ ቁልፋቸው በማን እጅ እንዳለ ሳይጠይቅ መፍረዱ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።)

ከጌሙ እንጀምር

«ለጌም ዊንዶውስ» የሚለው አባባል ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። ጌም ሠሪዎች የሚጽፉት ለዊንዶውስ ስለነበር ሊኑክስ የያዘ ሰው የበይ ተመልካች ነበር። በኦገስት 2018 ግን የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ ፕሮቶን የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ። ፕሮቶን እንደ አስተርጓሚ ነው፤ ጌሙ ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ተቀብሎ ሊኑክስ በሚገባው ቋንቋ ያቀርብለታል። ይኸው ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2022 ስቲም ዴክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ለገበያ ሲያቀርብ ውስጡ የሚሠራው ሊኑክስ ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ የዊንዶውስ ጌሞች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ስለዚህ «ሊኑክስ ጌም አያውቅም» የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል።

ይሁንና ነገሩ በዚህ አያበቃም። ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት እየተገናኙ የሚፎካከሩባቸው ጌሞች አጭበርባሪ ተጫዋች የሚይዝ ጥበቃ አላቸው፤ ጥበቃው ብዙውን ጊዜ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ድረስ ገብቶ ይቀመጣል። ከጥበቃ ሠሪዎቹ አንዳንዶቹ በ2021 ለሊኑክስ በር ከፍተዋል፤ የመጨረሻው ፈቃድ ግን የጌሙ ባለቤት ነው። ፎርትናይት ለሊኑክስ አልተፈቀደም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በ2024 አዲስ ጥበቃ ሲገባበት የሊኑክስ ተጫዋቾችን አስቀረ። አፔክስ ሌጀንድስም ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሊኑክስ ላይ ተዘጋ። ተጫዋቹ ምንም አላጠፋም፤ ኮምፒዩተሩም አልተበላሸም። ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ላይ ስለነበር ብቻ በሩ ተዘጋ። ባለቤቶቹ «አጭበርባሪው በክፍት ሲስተም ውስጥ በቀላሉ ይደበቃል» ሲሉ የሚያቀርቡት ምክንያት ባዶ አይደለም። ነገር ግን ባልሠራው ጥፋት የተቀጣው ንጹሑ ተጫዋች የሚሟገትበት ሸንጎ የለውም።

ማክስ? ለሥራ ማለፊያ ዕቃ መሆኑን አልክድም። በ2019 የወጣው ማክኦኤስ ካታሊና ግን ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ማስኬድ ሲያቆም ብዙ ቆየት ያሉ ጌሞች አብረው ቀሩ። በ2020 ደግሞ አፕል ወደ ራሱ ፕሮሰሰር መሸጋገር ጀመረ። በአፕል ቤት ጌም ተጫዋች እንግዳ ነው እንጂ ቤተሰብ አይደለም።

ዊንዶውስም ቢሆን ለራሱ ደንበኞች ዘላለማዊ ቃል አልገባም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14, 2025 አብቅቷል፤ ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች ያቀረበው ተጨማሪ የደኅንነት ጥገናም የአንድ ዓመት ነበር። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአመዛኙ ከ2018 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት አንዳች ያልጎደላቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች ከሰልፉ ውጭ ሆነዋል። እኛ ስደተኞች አዲስ ስንገዛ አሮጌውን በሻንጣ ለእኅት፣ ለወንድም፣ ለተማርንበት ትምህርት ቤት መላክ ልማዳችን ነው። የደኅንነት ጥገና የተቋረጠበትን ኮምፒዩተር እንዳለ መላክ ግን ቁልፉ የተሰበረ ቤት እንደ ማውረስ ነው። ሊኑክስ ጭኖ መላክ ያንኑ ዕቃ ለዓመታት ሊያገለግል የሚችል ስጦታ ያደርገዋል።

ወደ ጽሕፈቱ እንምጣ

በቢሮ ሥራም ጥያቄው ያው ነው። ሊብሬኦፊስ ከ2010 ጀምሮ በሦስቱም ሲስተሞች ላይ በነፃ ይሠራል፤ ለደብዳቤ፣ ለመጣጥፍ፣ ለመጠነኛ ሒሳብም ይበቃል። መሥሪያ ቤትህ በኤክሴል ማክሮ የተሞላ ሰነድ የሚልክልህ ከሆነ ግን ክርክሩ አልቋል፤ ማይክሮሶፍት ኦፊስ በሊኑክስ ላይ የሚጫን ቅጂ የለውም፤ በኢንተርኔት የሚከፈተውም ያን ሁሉ አይሠራም። የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወስና፣ 15,000 ያህል ኮምፒዩተሮቿን እስከ 2013 አዛውራ፣ በ2017 ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። በዚያችው ጀርመን የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል ደግሞ በ2024 ለ30,000 ኮምፒዩተሮቹ ሊብሬኦፊስን መረጠ። ማን ልክ እንደሆነ ማከራከሩ አይቀርም፤ ሁለቱም የሚያስተምሩት ግን ከማን ጋር ሰነድ እንደምንለዋወጥ ሳናጠና ሲስተም መምረጥ እንደማያዋጣ ነው።

እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። በ1990ዎቹ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደላችንን በመሰለው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር። በስክሪኑ ላይ «ሀ» እያየን እንጻፍ እንጂ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነበር። ለኮምፒዩተሩ ጽሑፋችን አማርኛ ሆኖ አያውቅም። እኔ አባቴ ባረፈ ጊዜ የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩት በእንዲህ ያለ ሶፍትዌር ነበር። ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ስከፍት የጠበቀኝ የአባቴ ታሪክ ሳይሆን የቅንፍና የነጥብ ክምር ነበር፤ የሶፍትዌሩም ሠሪ በቦታው አልነበረም። ያተረፈኝ እኅቴ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አጥፋ ያስቀመጠችው ወረቀት ነው፤ እርሱን እያየሁ እንደገና ለቀምኩት።

በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥር አገኘ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ዛሬ በሦስቱም ሲስተሞች አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ኪማን የተባለው መጻፊያም በሦስቱም ላይ በነፃ ይሠራል። እንግዲህ «አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ግድ ነው» የሚለውም ምክር መቅረት አለበት።

ታዲያ ለወዳጄ ምን አልኩት?

ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ልጁ የሚጫወታቸውን ጌሞች በስም፣ አባትም ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጡለትን ሰነዶች በዓይነት ይጻፉ አልኩት። ከዝርዝሩ ውስጥ ለሊኑክስ የተዘጋ የፉክክር ጌም ወይም ባለ ማክሮ ሰነድ አንድ እንኳ ካለ፣ ዊንዶውስ 11 ነው። ጌሞቹ ብቻን የሚጫወቷቸው የስቲም ጌሞች፣ ሥራውም ተራ ጽሕፈት ከሆነ፣ ሊኑክስ ቀልድ ሳይሆን እውነተኛ እጩ ነው፤ ሳይጭኑት ከፍላሽ አስነሥተው መሞከርም ይቻላል። ጌም የማይነሣበት ቤት ከሆነ ማክ ገንዘብ ላለው ሰው አያሳፍርም። የትኛውም ቢመረጥ ግን ጽሑፉ በዩኒኮድና ብዙ ፕሮግራም በሚከፍተው ዓይነት ይቀመጥ።

የልጁ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ፎርትናይት ስለነበር ወዳጄ ዊንዶውስ 11 ያለውን ገዛ። አሮጌው ኮምፒዩተሩ ላይ ደግሞ ሊኑክስ አስገባንለትና የራሱን ጽሑፍ በዚያ ላይ ይጽፋል። ልጁ አጠገቡ ይጫወታል፤ አባት ይጽፋል። የልጁ ጌም ነገ በባለቤቶቹ ውሳኔ ቢዘጋ ሌላ ጌም አይጠፋም። የአባት ጽሑፍ ግን ምትክ የለውም፤ የእርሱ ቁልፍ በማንም ኩባንያ እጅ መሆን የለበትም።

ቸር ይግጠመን።