ስለ ሳምፕለር ቃላት፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

ሳምፕለር በሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አማካይነት የተቀረጹ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፆችን በኪቦርድ ቁልፎች ላይ ስለ ማዋል የሚያስረዳ፣ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው ወጣት ሙዚቀኞች የተሰናዳ የትርጉም ረቂቅ ደርሶን ተመልክተነዋል። ተርጓሚው አቻ ቃል ለመሻት መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ከስያሜዎቹ አንዳንዶቹ አንባቢውን ከሥራው የሚያርቁ ሆነው አግኝተናቸዋል።

የመጀመሪያው «ናሙና» ነው። የእህል ነጋዴ ከጆንያው ዘግኖ የሚያሳየው ጤፍ ናሙና ይባላል፤ ጆንያው ከተሸጠ በኋላ ግን ማንም አይፈልገውም። በኪቦርዱ የሚሰማው የማሲንቆ ድምፅ ስለ ሌላ ድምፅ የሚመሰክር አይደለም፤ ራሱ ይዜምበታል። ባለሙያዎቹ «ሳምፕል» ይላሉ፤ «ራዲዮ» የገባበት በር ለዚህ ቃል የሚጠብበት ምክንያት አይታየንም።

«ካርታ ማንሣት» ደግሞ የቀያሽ ሥራ ነው። እዚህ የሚደረገው እያንዳንዱ ድምፅ ከየትኛው ቁልፍ እስከ የትኛው እንደሚያገለግል መወሰን ስለሆነ «ድልድል» ይበቃዋል። ድምፁ ሳይለወጥ የሚሰማበትም ቁልፍ ከ«ሥር» ይልቅ «መነሻ ቁልፍ» ቢባል ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው «አንዱ ድምፅ በሁሉም ቁልፎች ላይ ይዘረጋል» የሚለው ነው። ድምፁ የሚቀጥነው ቅጂው በፍጥነት ሲነበብ ከሆነ፣ ወደ ላይ በአንድ ቁልፍ 6 በመቶ ያህል ይፈጥናል፤ በ12ኛው ቁልፍ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ርዝመቱም በግማሽ ያጥራል። ማሲንቆ አንድ የጭራ አውታር ብቻ ያለው ሲሆን፣ የመቺው ጣት መንቀጥቀጥና የደጋኑ ምልልስ ከድምፁ ጋር ይቀረጻል። ወደ ላይ ሲወጣ መንቀጥቀጡ ይዋከባል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይጎተታል። በየሁለትና በየሦስት ቁልፉ አዲስ ድምፅ የሚቀረጸው ስለዚህ ነው። «ይዘረጋል» የሚለውን ያመነ ተማሪ ግን አንዱን ብቻ ቀርጾ፣ የተበላሸው ማሲንቆው ይመስለዋል።

«የቁልፍ ፍጥነት»ም አሳሳች ነው፤ አንባቢው የዘፈኑን ፍጥነት ይረዳዋል። ከ1 እስከ 127 የሚለካው ቁልፉ የወረደበት ፍጥነት መሆኑ እውነት ነው፤ ተጫዋቹ የሚያውቀው ግን የአመታቱን ብርታት ነው። በዚሁ ላይ ረቂቁ ሁሉንም «መጫወት» ብሎት አልፏል። ማሲንቆ ይመታል፣ በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፤ ግሶቹ አስቀድመው የለዩትን አንድ ማድረግ ለምን አስፈለገ?

«ሳንቲም» ግን ወደነዋል። መቶው ሳንቲም አንድ ግማሽ ድምፅ ይሆናል፤ ብር ለሚያውቅ ሰው ማስረጃ አያሻውም። የሚያሳዝነው፣ ድምፅን በሳንቲም ስለ ማስተካከል የሚናገረው ምዕራፍ «ለጀማሪ አይጠቅምም» ተብሎ መዘለሉ ነው። ኪቦርዱ ስምንዮሹን በ12 እኩል ይከፍላል፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የሚመታ ሰው አውታሩን የሚቃኘው በጆሮው እንጂ በዚህ ልክ አይደለም። ቤተልሔምንና ቆማን የመሰሉ የዜማ ቤቶች ባሉበት በደቡብ ጎንደር፣ ይዘትንና ርክርክን እየለየ ያደገ ጆሮ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማል። ምዕራፉ ከመታተሙ በፊት ወደ ቦታው እንዲመለስ ተርጓሚውን እንጠይቃለን።