ስለ ስታፎርድ ሆስፒታል የቀረበው የምርመራ ጽሑፍ

በእንግሊዝ አገር በስታፎርድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 ድረስ በበሽተኞች ላይ ስለ ደረሰው በደል የሕግ ዐዋቂው ሮበርት ፍራንሲስ በ2013 ያወጡትን የምርመራ ጽሑፍ ተመልክተናል። ጽሑፉ የሚጠጡት ውሃ ያጡትን፣ በቆሸሸ አንሶላ ላይ የተተዉትን ሕመምተኞች ሁኔታ ሳያለዝብ መዝግቧል። አስተዳዳሪዎቹ ወጪ ለመቀነስ ሠራተኛ ሲያጓድሉ፣ ተቆጣጣሪዎቹም ሂሳቡን እያዩ በሽተኛውን እንዳላዩ በሚገባ ያስረዳል። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን አይገባም ማለቱንም እንቀበላለን።

ነገር ግን የቀረቡት ምክሮች 290 ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ቀዳሚው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት አንባቢ ይቸገራል። ደግሞም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ስለ ራሱ አፈጻጸም በየዓመቱ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ይህ ብቻ አይበቃም እንላለን፤ ሆስፒታሉ ቀድሞም ደንቡን አሟልቻለሁ እያለ ስለ ራሱ ሲመሰክር ነበርና።

በ2014 ሆስፒታሎች ያደረሱትን ጉዳት ለበሽተኛው እንዲገልጹ በሕግ መገደዳቸው የዚህ ምርመራ መልካም ፍሬ ነው። ሆኖም ምርመራው በአደባባይ እንዲደረግ የተሟገቱት የሟቾች ዘመዶች ነበሩ። ስለዚህ ምክሩ መፈጸሙን ከሚመረምሩት መካከል እነርሱን የመሰሉ ሰዎች ቢገኙበት ኖሮ፣ ጽሑፉ የራሱን ማስረጃ እስከ መጨረሻው በተከተለ ነበር።