የተማሪው ስም በመዝገብና በመምህሩ አንደበት

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር በየመማሪያ ክፍሉ የሚቀድመው ተግባር የስም ጥሪ ነው። መምህሩ መዝገቡን ይገልጣል፤ ስሞቹን በተራ ያነባል፤ ተማሪው «አቤት» ሲል ምልክት ይደረግበታል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ እንደ አስተዳደር ተግባር እንጂ እንደ ማስተማር ስለማይቈጠር በቂ ትኩረት ሲሰጠው አይታይም። ሆኖም ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ኢትዮጵያ የስም ጥሪ መምህሩ ብዙ ጊዜ የማያውቀውን ቋንቋ፣ ቋንቋውን በሚያውቁ ልጆች ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብበት ሰዓት ነው።

ስሙ ተዛብቶ የተጠራ ልጅ በፊቱ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መምህሩን በጓደኞቹ ፊት ማረም ነው፤ ሁለተኛው የራሱ ላልሆነ ስም «አቤት» ማለት ነው። ታላቅን ማረም እንደ ድፍረት በሚታይበት ልማድ ያደገ ልጅ ሁለተኛውን ቢመርጥ አያስደንቅም። በዚህም የተነሣ ስሕተቱ ለመምህሩ ሳይታወቀው ዓመቱን ሙሉ ይደገማል። በአገራችን ልማድ ደግሞ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ይከተላል እንጂ አይተካውም። ስለዚህ የስሙ መዛባት በቀጥታ የሚያርፈው በባለቤቱ ላይ ነው።

ለዚህ ችግር ዘወትር የሚቀርበው ምክንያት «ስሙ ከባድ ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል ሲመረመር የሚናገረው ስለ አንባቢው ልምድ እንጂ ስለ ስሙ ጠባይ አይደለም። የሳይንስ መምህር አርኪሜዴስን፣ ሜንዴሌቭንና ላቮዋዚዬን ሳያዛባ ለመጥራት ይጠነቀቃል፤ የመጨረሻው ስም አጻጻፉና አነባበቡ ፈጽሞ የማይገናኝ ቢሆንም ከሰው ጠይቆ ወይም ሰምቶ ይማረዋል። ይህን ያህል የተጋ ሰው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ስም መማር አይሳነውም። የጐደለው ችሎታ ሳይሆን ሥራውን እንደ ግዴታ የሚያይ ሥርዓት ነው።

ይህ ማለት ግን ጥፋቱ ሁሉ የመምህሩ ነው ማለት አይደለም፤ መዝገቡ ራሱ ያሳስታል። የግእዝ ፊደል የድምፅን መጥበቅና መላላት አያመለክትም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። «ለማ» የሚለውን ስም አማርኛ ተናጋሪው አጥብቆ የሚያነበው ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቅ እንጂ ፊደሉ ስለሚነግረው አይደለም። ስሙ ከሌላ ቋንቋ በመጣ ጊዜ ይህ ቅድመ ዕውቀት ይታጣል፤ አንባቢውም በግምት ይነዳል። በአፋን ኦሮሞ «በዳ» የሚለው ጽሑፍ ሲጠብቅ ደጋ፣ ሲላላ መጥፎ ማለት ነው። «ቦና» የሚለውም የመጀመሪያው አናባቢ ከረዘመ ከኩራት ጋር ይያያዛል፤ ካጠረ የበጋውን ወቅት ያመለክታል። ለዚሁ ቋንቋ ልዩ ድምፅ «ዸ» የተባለ ፊደል እያለ በመዝገብ ላይ በ«ደ» መተካቱ የተለመደ ነው። ዹጋሳ ዱጋሳ ይሆናል፤ ብልጽግናን የሚያመለክተው በዻዻም በዳዳ ተብሎ መጥፋትን ወደሚያመለክት ቃል ይጠጋል።

በሌላ በኩል ፊደሉ የለየውን አንደበት የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። አማርኛ ሀንና ሐን፣ አንና ዐን በድምፅ አይለይም፤ ትግርኛ ግን ይለያል። ሓጎስ፣ ዓወት፣ ዓንዶም የሚባሉት ልጆች ስማቸው ከጉሮሮ በሚወጣ ድምፅ የሚጀምር ነው። መዝገብ ጻፊው ፊደሉን በዘፈቀደ በለወጠ ጊዜ ለአንባቢው ሊረዳው የሚችለውን ብቸኛ ምልክት ያጠፋበታል።

የላቲን ፊደል ይህን ችግር ይፈታል የሚል ግምት አለ። ግምቱ በከፊል ትክክል ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ መጥበቅንም መርዘምንም ፊደል በመድገም ያሳያል። ነገር ግን አንድ ዓይነት የላቲን ፊደል በተለያዩ ቋንቋዎች የተለያየ ድምፅ ይወክላል። «ሲ» የሚባለው ፊደል በቁቤ «ጭ»፣ በሶማልኛ «ዕ»፣ በአፋርኛ «ሕ» ነው። «ኤክስ» የሚባለው በቁቤ «ጥ»፣ በሶማልኛ «ሕ» ሲሆን፣ በአፋርኛ ወደ «ዽ» የሚጠጋ ድምፅ አለው። ስለዚህ ዐሊ የተባለ ስም በሶማልኛ በ«ሲ»፣ በአፋርኛ በ«ኪዩ» ተጀምሮ ይጻፋል። ይህን ያላወቀና በእንግሊዝኛ ንባብ የተመራ መምህር የሶማሌውን ዐብዲ «ካብዲ» ብሎ ቢጠራው ያነበበው በሌላ ቋንቋ ሕግ ነው። በኑዌር የሴቶች ስሞች መነሻ የሚሆነው «ኛ» በላቲን በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ ተከፋፍሎ ሲነበብ የሴት ልጅነትን የሚያመለክተው ክፍል ይፈርሳል። በአኙዋም ብዙ ስሞች ለወንድ በ«ኦ»፣ ለሴት በ«አ» ስለሚጀምሩ የመጀመሪያውን ድምፅ ማሳሳት ወንዱን ሴት ማድረግ ነው።

ጕድለቱ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ብቻ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ «ጸ» እና «ዘ» በውሰት ቃላት ካልሆነ በቀር አይገኙም፤ ስለዚህ ጸጋዬና ዘነበ የሚባሉ ልጆችም በዚያ ቋንቋ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ስማቸው ተለውጦ ሊሰሙት ይችላሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዲኖራቸው፣ በአንቀጽ 36 ልጅ ስም የማግኘት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። ቢሆንም የትምህርቱ ቋንቋ ተለወጠ እንጂ በየክፍሉ ቋንቋው የተለየ ልጅ መኖሩ አልቀረም። በሕግ የተረጋገጠው መብት በክፍል ውስጥ የሚፈተነው በየማለዳው የስም ጥሪ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ አንድ መምህር በቀን የተለያዩ ክፍሎችን እያስተማረ፣ የሁሉንም ቋንቋ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ይህ እውነት ነው። በጐልማሳነት ያልለመዱትን የጉሮሮ ድምፅ ማውጣት ይከብዳል። ሆኖም የሚፈለገው የተወላጅ አንደበት አይደለም። የሚጠብቀውን ማጥበቅ፣ የሚረዝመውን ማርዘም፣ ስሙን በሌላ ስም አለመተካት ወይም ለምቾት ሲባል አለመቍረጥ ለማንም የሚቻል ነው። ተማሪውም ፍጹምነትን አይጠብቅም፤ የተሞከረለትንና የተናቀበትን ግን ይለያል።

እርማቱም ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ልጁን በክፍሉ ፊት አቁሞ ስሙን አምስት ጊዜ ማስደገም፣ ጓደኞቹም እንዲስቁ ማድረግ፣ ከመጀመሪያው ስሕተት የባሰ ነው። ይልቁንም መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን ከማንበቡ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ራሱን እንዲያስተዋውቅ ቢያደርግ ስሙን በባለቤቱ አንደበት ይሰማል። የሰማውንም ወዲያው በመዝገቡ ላይ ምልክት ያደርግበታል፤ ለሚጠብቅ ፊደል በላዩ ነጥብ፣ ለሚረዝም አናባቢ ሰረዝ ይበቃል። ተሳስቶ ሲገኝ «ደግመህ ንገረኝ» ወይም «ደግመሽ ንገሪኝ» ማለቱ ክብሩን አይቀንስበትም፤ መጠየቅ የዕውቀት በር መሆኑን በተግባር ያስተምርበታል።

የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ ከዚህ ይሰፋል። አንደኛ፣ የተማሪዎች መዝገብ ስሙ ቤተሰቡ በሚጠቀምበት ቋንቋና ጽሕፈት የሚሰፍርበት አንድ ዓምድ፣ ለአነባበብ ምልክት ደግሞ ሌላ ዓምድ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የአካባቢው ቋንቋዎች የድምፅና የጽሕፈት ሥርዓት በአጭር ትምህርት መልክ ቢሰጥ ለብዙ ዓመት የሚዘልቅ ጥቅም ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ በምዝገባ ወቅት የተጻፈው ስም ያለ ቤተሰብ ፈቃድ እንዳይለወጥ ማድረግ ያስፈልጋል። በምዝገባ ወረቀት በአንድ መልክ፣ በፈተና ካርድ በሌላ፣ በምስክር ወረቀት በሦስተኛ መልክ የተጻፈ ስም ተማሪው ለከፍተኛ ትምህርት ወይም ለሥራ በቀረበ ጊዜ ሰነዶቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን እንዲያስረዳ ይገደዳል። የመምህሩ አንደበት ያዛባው ስም በጸሐፊው እጅ ሲጸና ውጤቱ ከመማሪያ ክፍል አልፎ ይሄዳል።

ትምህርት ቤት ልጁ ከቤተሰቡ ወጥቶ በመጀመሪያ በስሙ የሚጠራበት የሕዝብ ቦታ ነው። ቤቱ ያወጣለትን ስም ትምህርት ቤቱ ካልተማረለት፣ ተማሪው ሊማረው የሚገባ ነገር ያለው በአንድ ወገን ብቻ እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ የስም ጥሪ ከትምህርቱ በፊት የሚያልፍ ሥርዓት ተደርጎ መታየቱ ቀርቶ የዕለቱ የመጀመሪያ ትምህርት ሆኖ ሊቈጠር ይገባል፤ በዚህኛው ትምህርት ግን ተማሪው መምህሩ ነው።