በጎልጎታ ያለው የአብርሃም መሥዋዕት ሥዕልና የሦስቱ ቀን መንገድ

ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም የመጣ ምእመን የጎልጎታን ደረጃ ወጥቶ ላቲኖች ወደሚቀድሱበት ጸሎት ቤት ሲገባ፣ የጌታችን በመስቀል መቸንከር በሚታሰብበት በዚያ ስፍራ፣ አባታችን አብርሃም ልጁን ይስሐቅን ለመሥዋዕት ማቅረቡን የሚያሳይ ሥዕል በግድግዳው ላይ ያገኛል። ሥዕሉ በደቃቅ ባለቀለም ጠጠሮች የተገጣጠመ ሞዛይክ ነው፤ የተሠራውም ጸሎት ቤቱ በ1937 እ.ኤ.አ. በኢጣልያዊው የሕንጻ ሊቅ በአንቶኒዮ ባርሉዚ መሪነት በታደሰ ጊዜ ነው።

ለሥዕሉ የተመረጠለት ስፍራ እጅግ የተገባ ነው። ይስሐቅ የሚሠዋበትን እንጨት ተሸክሞ ወደ ተራራው እንደ ወጣ፣ ጌታም መስቀሉን ተሸክሞ ወደዚህ ወጥቷልና። ለይስሐቅ በዕፀ ሳቤቅ የተያዘው በግ ቤዛ ሆነለት፤ በጎልጎታ ግን በጉ ራሱ ወልድ ነበረ። በዴር ሡልጣን አጠገብ የሚታየው የወይራ ዛፍም በጉ የተያዘበት ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ስለዚህ ምሥጢሩን ከስፍራው ጋር በማስማማት ረገድ ሥዕሉ የሚነቀፍበት ነገር የለም።

ነገር ግን ሥዕል የሚያሳየው አንዲት ሰዓት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የሣሉ ሠዓልያንም ቢሆኑ አዘውትረው የሚመርጡት ያችኑ የቢላዋውንና የመልአኩን ሰዓት ነው። ያችን ሰዓት ብቻ የተመለከተ ሰው ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይም እግዚአብሔርን ጨካኝ አድርጎ ይፈራዋል፣ ወይም መታዘዝን እንደ ዋጋ ቈጥሮ፣ ይህን ስለ ሰጠሁ ያን ይስጠኝ ይላል።

የኦሪት ዘፍጥረት ትረካ ግን ከቢላዋው አይጀምርም። አብርሃም ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው ነበረ፤ ይስሐቅ ሲወለድለት 100 ዓመት ሞልቶት ነበር። በመካከሉ ያሉትን 25 ዓመታት መጽሐፉ ሳይሸፍን ይተርካል፤ በግብፅ ፈርቶ ሚስቱን እኅቴ ናት ማለቱን፣ የተስፋውንም ዘር በአጋር በኩል ለማግኘት መሞከሩን አይደብቅም። ከዋክብትን አይቶ ማመኑ፣ ይህም ጽድቅ ሆኖ መቈጠሩ በምዕራፍ 15 ተነገረ፤ የመሥዋዕቱ ትእዛዝ የመጣው በምዕራፍ 22 ነው። የአጻጻፉ ተራ ራሱ ትምህርት ነው፤ መታመን አስቀድሞ ሥር ሰደደ፣ መታዘዝም ከእርሱ በቀለ።

ስለ ሰዶም ከእግዚአብሔር ጋር ብዙ የተከራከረው ሰው ስለ ገዛ ልጁ አንዲት ቃል አልተከራከረም። የሦስቱን ቀን ጕዞ ጸሐፊው በዝምታ ያልፈዋል፤ ነገር ግን አብርሃም ብላቴኖቹን ሲተዋቸው፣ እርሱና ልጁ ሰግደው እንደሚመለሱ ነገራቸው። ብቻዬን እመለሳለሁ አላለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለዕብራውያን ሲጽፍ፣ እግዚአብሔር ከሙታን እንኳ ሊያስነሣው እንደሚችል አስቦ ነው ብሎ ተረጐመው። ይስሐቅም በጉ ወዴት እንዳለ ጠየቀ፤ አባቱ እግዚአብሔር እንደሚያዘጋጅ ነገረው፤ ከዚያ በኋላም እንደ ቀድሞው አብረው ሄዱ። አባት በፈጣሪው፣ ልጅም በአባቱ የታመነባትን ይህችን እርምጃ የትኛውም ጠጠር ሊሥላት አይችልም።

ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ አብርሃም ልጁን በመሠዊያ ባቀረበ ጊዜ በሥራ ጸደቀ ማለቱ ይህን የሚቃወም ለሚመስለው ሰው፣ ሐዋርያው ራሱ እምነቱ በሥራው ተፈጸመ ሲል መልሶለታል። ዛፍ በፍሬው ይታወቃል፤ ሥሩን የወለደው ግን ፍሬው አይደለም።

ይህ ነገር ለተሳላሚው ሩቅ አይደለም። ስለ ታመመ ልጇ ተስላ፣ ጥሪቷን አሟጣ እስከዚህ የመጣች እናት ልጇን እንደ ታመመ ብታገኘው ምን ትላለች? ስለት የተቀደሰ ነገር ነው፤ ነገር ግን እምነቷ በስለቷ ላይ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ፣ የስለቱ መልስ በዘገየ ቀን እምነቱም አብሮ ይወድቃል። በሰጪው ላይ የቆመ እንደ ሆነ ግን ልታለቅስ ትችላለች እንጂ ከመንገዱ አትወጣም። አብርሃም ወደ ተራራው የወጣው በጉን አስቀድሞ አይቶ አልነበረምና።

እንግዲህ ወደ ጎልጎታ የሚወጣ ሁሉ አስቀድሞ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 12 እስከ 22 ያለውን ቢያነብ መልካም ነው። ያን ጊዜ በግድግዳው ላይ ቢላዋውን ብቻ ሳይሆን፣ ከቢላዋው በፊት የተሄደውን መንገድ ያያል።