ደመወዝ የማይከፈላቸው ሒሳብ ሹሞች

ፊልም ወዳድ ነን የምንል ተማሪዎች የአነጋገር ፈሊጣችን ተለውጧል። ፊልሙ እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ጓደኛችን ስለ ታሪኩ ወይም ስለ ተዋናዮቹ መናገሩን ትቶ፣ «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይኼን ያህል ሚሊዮን አስገባ» ብሎ ይመልሳል። በተለይ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ወሬው ይጦፋል። የትኛው ወደቀ? የትኛው ከተተነበየለት በላይ አመጣ? ክርክሩ ሲከር ተከራካሪዎቹ የሆሊዉድ ባለ አክሲዮኖች ይመስላሉ። ከዚያ ሁሉ ዶላር አምስት ሳንቲም የማይደርሰን ሰዎች፣ ደመወዝ የማይከፈለን ሒሳብ ሹሞች ሆነን ቁጭ አልን።

ሒሳቡን ማወቅ በራሱ ነውር አይደለም። ግጥም በአንድ እርሳስና በአንድ ደብተር ይጻፋል፤ ፊልም ግን መብራት፣ ካሜራ፣ ምግብ፣ መጓጓዣና የብዙ መቶ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ስለ ሲኒማ እየጻፈ ገንዘብን የማያነሣ ሐያሲ ግማሹን ነገር ደብቆናል ማለት ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ የምንቆጥረው ምን እንደሆነ ሳናውቅ መቁጠራችንና፣ ቆጥረን ስንጨርስ ፊልሙን የፈረድንበት መምሰላችን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የገና ሰሞን ከሌላው ጊዜ በምን ይለያል? በአሜሪካ በአዘቦቱ ጊዜ የሲኒማ ገበያ የሚደራው ከዓርብ እስከ እሑድ ነው፤ ሰኞ ሲመጣ አዳራሹ ጭር ይላል። ከዲሴምበር 25 እስከ አዲስ ዓመታቸው ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ብዙ ሠራተኛም ፈቃድ ላይ ነው፤ ማክሰኞውም ረቡዑም ቅዳሜን ይሆናል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ ሰዉ በገበያና በመንገድ ይዋከባል። ስለዚህ የገና ፊልም ሲከፈት አነስ ብሎ፣ ውሎ አድሮ ሊያድግ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚፈርድ ሰው በዚህ ሰሞን እንደሚሳሳት ያህል በሌላ ጊዜ አይሳሳትም።

«ታይታኒክ»ን እንውሰድ። ፊልሙ በ1997 በጁላይ እንዲወጣ ታስቦ ስላልደረሰ ነው ወደ ዲሴምበር 19 የተገፋው። ወጪው 200 ሚሊዮን ዶላር ስለደረሰ ጋዜጦቹ ኪሳራውን አስቀድመው ያወሩ ነበር። ፓራማውንት እንኳ «ከ65 ሚሊዮን በላይ አላወጣም» ብሎ ውል አስሮ፣ የቀረውን ሸክም ለፎክስ ትቶለት ነበር። ሲከፈት በሦስት ቀን ያገኘው ከ29 ሚሊዮን ያነሰ ነው። በዛሬው አፋችን ቢሆን ሰኞ ጧት ቀብረነው ሠልስቱን እናወጣ ነበር። እሱ ግን 15 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ከረመና በአሜሪካና በካናዳ ብቻ 600 ሚሊዮን ደረሰ። «ዘ ግሬተስት ሾውማን»ም እንዲሁ ነው። በዲሴምበር 2017 ወጥቶ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑዱ 9 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ የኋላ የኋላ በዚያው በሰሜን አሜሪካ ከ170 ሚሊዮን በላይ አመጣ። ያየው ሰው ላላየው ነገረው፣ ዘፈኑ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። በኔ ግምት ፊልሙ ያን ያህል ጥልቀት የለውም፤ ግን ዕድሜ ተሰጠው።

ዕድሜ የተነፈገውስ? በዲሴምበር 2021 የሆነውን እናስታውስ። «ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም» በሦስት ቀን 260 ሚሊዮን ዶላር ሲያፍስ የኛም ሰው ደስታውን አልቻለም ነበር። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የስፒልበርግ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በ10 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ተከፍቷል፤ ስፓይደርማን በወጣበት ቀን የወጣው የጊየርሞ ዴል ቶሮ «ናይትሜር አሊ» ደግሞ 3 ሚሊዮንም አልሞላ። እንግዲህ የጠረጴዛው ፍርድ ምን ነበር? «ስፒልበርግ አለቀለት!»

ምክንያቱን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ በዚያው ሰሞን ይዛመት ስለነበር፣ እንዲህ ያለውን ፊልም የሚያዘወትረው በዕድሜ የገፋው ተመልካች ሲኒማ ቤት መግባት ፈርቶ ነበር። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን በቁጥሩ ጫጫታ ያልተነጋገርንበት ነገር ነው። በ1961ዱ ፊልም «አሜሪካ» የሚለው ዘፈን ሌሊት በሕንፃ ጣራ ላይ ይዘፈናል፤ ስፒልበርግ አውርዶ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ፣ በሰፈሩ ሰው መካከል አስጨፈረው። ክርክሩ የጥንዶቹ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ሁሉ ሆነ። የፖርቶሪኮዎቹን የስፓኒሽ ንግግር ደግሞ ያለ ትርጉም ጽሑፍ ተወው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች ለጥቂት ጊዜ እንግዳ ሆኖ ይቀመጥ ብሎ ነው። ይኼ ልክ ነው ወይስ ተመልካችን ማስቀየም ነው? በብዙ ቋንቋ በሚነገርባት አገር የምንኖር እኛ ስንት ማታ ልንሟገትበት የሚገባ ጥያቄ ነበር። አልተሟገትንም። ቁጥሩ አፋችንን ዘጋው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ፤ ሒሳቡም ቢሆን የምናስበውን አይደለም። «ይኼን ያህል አስገባ» ሲባል ተመልካች በመስኮት የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ገደማውን ሲኒማ ቤቱ ያስቀራል፤ ድርሻው እንደ ፊልሙ ጉልበት ከፍና ዝቅ ይላል። ዲዝኒ በ2017 ለ«ዘ ላስት ጀዳይ» ከትኬቱ 65 በመቶውን እንደጠየቀና፣ ፊልሙም በየሲኒማ ቤቱ ትልቁ አዳራሽ አራት ሳምንት እንዲቆይ ግዴታ እንዳስገባ ተዘግቦ ነበር። ጉልበት ማለት ይኼ ነው። ትልቁ አዳራሽ በውል ከተያዘ ትንሹ ፊልም የት ይታይ? ሲኒማ ቤቱም ከትኬቱ የሚተርፈው ስለሚያንስ ኑሮው በፈንዲሻና በለስላሳ መጠጥ ነው። በዚህ ላይ የማስታወቂያው ወጪ አለ፤ «ፊልሙ ይኼን ያህል ፈጀ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይቆጠርም። 100 ሚሊዮን ፈጅቶ 150 ሚሊዮን ያስገባ ፊልም አተረፈ ብሎ የሚከራከረኝ ጓደኛዬ እዚህ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ቢል መልካም ነበር።

ክብረ ወሰን የሚባለውም ጨዋታ ነው። በ2015 የወጣው «ዘ ፎርስ አዌክንስ» በሰሜን አሜሪካ 936 ሚሊዮን ስላመጣ ታይታኒክን አስከነዳው ተባለ። በታይታኒክ ጊዜ አማካይ ትኬት 4.60 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2015 ከ8 ዶላር አልፏል። አካፍሉት፤ ብዙ ሰው ያስገባው ታይታኒክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የብር ዋጋ ሲወርድ በዓይናችን እያየን ያደግን ልጆች ይኼን እንዴት እንስታለን?

ትርፍ የሚለው ቃልማ ጭራሽ ተረት ነው። ኤዲ መርፊ የአፍሪካ ልዑል ሆኖ የተጫወተበትን «ካሚንግ ቱ አሜሪካ»ን የማያውቅ የለም። በ1988 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አርት ቡክዋልድ የተባለው ጸሐፊ ሐሳቡ የኔ ነው ብሎ ፓራማውንትን ከሰሰና በ1990 ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። በውሉ መሠረት ከተጣራ ትርፍ ድርሻ አለው። ድርጅቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፊልሙ እስካሁን የተጣራ ትርፍ አላገኘም!» ዳኛው የሒሳቡን ቀመር መርምሮ ኅሊና የማይቀበለው ነው አለ። እንግዲህ ባለቤቶቹ በፍርድ ቤት ፊት እንዲህ የሚሉትን ሒሳብ እኛ በቡና ጠረጴዛ ላይ እንዘጋዋለን።

ስለ አማርኛ ፊልም ስንከራከር ግን የሳምንቱን ገቢ የሚያውጅልን ስለሌለ፣ ወደን ሳይሆን ተገደን ስለ ታሪኩና ስለ ትወናው እንነጋገራለን። «መጨረሻው አልተዋጠልኝም»፣ «ልጅቷ አለቃቀሷ የውሸት ነው» እንባባላለን። ከመረጃ ድህነት የተገኘ በረከት ነው።

ከገና ፊልሞች ሁሉ ግን የሰንጠረዡን ሹሞች የሚያሳፍረው የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው። በዲሴምበር 1946 ኒው ዮርክ ላይ ተመረቀ፤ በሰፊው የወጣው ጃንዋሪ 7 ቀን 1947 ነው፤ ለእነሱ በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ለእኛ ግን በገና ዕለት መሆኑ ነው! ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ወጪውን መመለስ አቃተው። ካፕራ ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ሊበርቲ ፊልምስም ነጻነቱን ማቆየት ሳይችል በ1947 ለፓራማውንት ተሸጠ። ታሪኩ የሚያወራው ዕዳ አንገቱን አንቆት፣ ሰውነቱን ከሕይወት መድን ወረቀቱ አሳንሶ ስላየ፣ በገና ዋዜማ ድልድይ ላይ ስለቆመ ሰው ነው። ፊልሙ ራሱ በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደዚያ ሰውዬ ከሰረ።

በ1974 የባለቤትነት መብቱን በጊዜው የሚያሳድስ ሰው ጠፋ። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ማሳየት ስለቻሉ በየገናው ደጋግመው አሳዩት፤ ጣቢያ በቀየሩ ቁጥር ጄምስ ስቱዋርት በበረዶው ውስጥ ሲሮጥ ያገኙታል። አንድ ትውልድ እንዲህ ሆኖ ከፊልሙ ጋር አደገ። ያን ጊዜ ነው ባለ መብቶቹ የነቁት። በ1993 ሪፐብሊክ ፒክቸርስ የተባለው ድርጅት ፊልሙ የተቀዳበት አጭር ልብ ወለድና ሙዚቃው አሁንም የኔ ናቸው ብሎ መብቱን አስመለሰ፤ ከዚያም ኤንቢሲ ብቻውን እንዲያሳየው ተዋዋለ። ስንት ጊዜ የታየበት ያ የሃያ ዓመት ነጻ ዘመን በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ እንደሚመዘገብ፣ እስቲ የሚያውቅ ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።